የጠበቃ የዲሲፕሊን ውሳኔን መቃወም፦ ከወሎ የትኛው በር ይንኳኳ?

ደሴ ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ ፈቃዱ ታገደ እንበል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ምን አጥፍቶ ነው?» ብሎ ነው። ውሳኔውን መቃወም ለሚፈልግ ግን የሚቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ በክልል ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ ፈቃዱን የሚያገኘው ከአማራ ክልል ነው። የሚዳኘውም በክልሉ የጥብቅና ሕግ ነው። የፌዴራል ፈቃድ ያለው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይተዳደራል። አዋጁ የቀድሞውን ቁጥር 199/1992 የተካ ሲሆን የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም አቋቁሟል። ሁለቱንም ፈቃድ የያዘ ሰው ውሳኔው ላይ ያረፈውን ማኅተም አይቶ ይነሣ።

የፊት በሩ ይግባኝ ነው። ለማን እንደሚቀርብ፣ በስንት ቀን፣ በምን ምክንያት የሚለው ፈቃዱን በሚገዛው ሕግ ውስጥ ይፈለጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ 60 ቀን ይሰጣል። ልዩ ሕግ ያነሰ ቀን ከወሰነ ግን የሚሠራው እሱ ነው። «60 ቀን አለኝ» ብሎ የተኛ ሰው ሲነቃ በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። ሌላም አለ፤ በዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ መርህ ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያቆምም። ቢሮው እንዳይዘጋ የሚፈልግ እግድ ለይቶ ይጠይቃል።

ሁለተኛው መንገድ የአስተዳደር ውሳኔን በፍርድ ቤት ማስከለስ ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ሥልጣን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። ነገር ግን አዋጁ የተጻፈው ለፌዴራል መንግሥት ተቋማትና ተጠሪነታቸው ለፌዴራል መንግሥት ለሆኑ ከተሞች አስተዳደር ነው። የክልል ቢሮ ውሳኔ ላይ እሱን ጠቅሶ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ድካም ብቻ ነው። በእኔ እይታ፣ ሕጉ ግልጽ ይግባኝ ከሰጠ ክለሳን ማስቀደም ብልሃት አይደለም።

ሰበር፣ ማለትም የሕግ ስህተትን የሚያርመው ችሎት፣ የመጨረሻ ፍርድ ላይ ነው የሚመጣው። የሚታየውም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው። «ምስክሬ አልተመዘነልኝም» የሚል አቤቱታ እዚያ ሩቅ አይሄድም። በክልል ጉዳይ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ይቀድማል። ወደ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ለመሄድ ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው።

ውሳኔው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ሰው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያቀርባል፤ መጨረሻ የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እዚህ ግን ሌሎቹን መንገዶች ጨርሶ መምጣት ይጠበቃል። እንባ ጠባቂም አለ፤ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ ነው እንጂ ውሳኔ አይሽርም።

ወሎ ውስጥ ባህላዊ አስታራቂው አበጋር ደንበኛና ጠበቃን ሊያስታርቅ ይችላል። የተፈረመ የዲሲፕሊን ውሳኔን ግን ዕርቅ ብቻውን አይሰርዘውም። ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚፈልግ ደንበኛም ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ የዲሲፕሊኑ መዝገብ የሚያየው የጠበቃውን ፈቃድና ሥነ ምግባር ነው።

ስለዚህ ውሳኔው በተሰማ ቀን ጠበቃው ግልባጩን ከመዝገብ ቤት ያውጣ። የደረሰበትን ቀንም ጀርባው ላይ ይጻፍ።