ማችአፕ ምንድን ነው? አራት ሰው ሲቀመጥስ?

«የኔ ዴክ ያንተን ይበላዋል» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ማችአፕ ማለት እሱ ነው። እንደ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ባለ የካርድ ጨዋታ ሁለት ዴክ (ተጫዋቹ ራሱ መርጦ የሚያዘጋጀው የካርድ ክምር) ሲገናኙ፣ ገና ካርድ ሳይሳብ፣ ወደ ማን ያደላል? የተጫዋቹ ችሎታና ዕድሉ እንዳለ ሆኖ፣ ዴኩ ራሱ ይዞት የሚመጣው ብልጫ ወይም ጉድለት አለ።

ክራዚ ወይም ኮንከር ስትጫወቱ ሁላችሁም ከአንድ ካርታ ስለምትስቡ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ዴኩን ቤቱ ቁጭ ብሎ ሠርቶ ነው የሚመጣው። አንዱ ቶሎ ቶሎ እየመታ ለመጨረስ ይሠራዋል፤ አግሮ ይባላል። ሌላው የሰውን ካርድ እየመለሰ (ሥራውን ሳይሠራ እያስቀረ) እና እያጠፋ ጨዋታውን ያራዝማል፤ ኮንትሮል ነው። ኮምቦ ደግሞ ሁለት ሦስት ካርድ ከተገጣጠመለት በአንድ ተራ ይጨርሳል። ሁለት ሰው ብቻ ሲጫወት፣ በጥቅሉ፣ አግሮ ኮንትሮልን ሳይደላደል ይደርስበታል፣ ኮንትሮል የኮምቦን ዋና ካርድ ይመልሳል፣ ኮምቦ አግሮን ይቀድመዋል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት አይደለም፤ መነሻው ግን ይሄ ነው።

እኛ የምንጫወተው አራት ሆነን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ጓደኛችን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ። ሁለታችን ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፈን እስክንደርስ ቡናው ሁለተኛው ላይ ይደርሳል። ካርዶቻችን አብዛኞቹ ወረቀት ላይ ታትመው የተቆረጡ ናቸው፣ ፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ከኋላቸው ተራ ካርታ ገብቶላቸው። የምንጫወተው ኮማንደር የሚባለውን ነው፦ 100 ካርድ፣ ከመሠረታዊ መሬቶች (ማና፣ ማለትም ለካርድ የሚከፈለውን ኃይል፣ ከሚሰጡት ካርዶች) በስተቀር አንድ ካርድ ሁለቴ አይገባም፣ ላይፍ (ዜሮ ሲገባ ከጨዋታ የምትወጣበት ነጥብ) ለእያንዳንዱ 40። ላይፉን ደብተር ላይ ነው የምንይዘው። አራት ዓምድ ይሰመራል፣ አናቱ ላይ 40 ይጻፋል፣ ከዚያ እየተሰረዘ ይወርዳል።

መጀመሪያ ይዤ የሄድኩት ቀይ አግሮ ነበር። ሁለት ብቻ ስንሆን ሁሉንም ያሸነፍኩበት ዴክ ስለሆነ በጣም ተማምኜበታለሁ። ማታ ደብተሩን ሳየው አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ 6 ላይ ቆሟል፣ ከፊቴ ያለው 37፣ ሌላው 40 እንዳለ ነው፣ እኔ ዜሮ።

ሒሳቡን ቀድሜ ብሠራው ኖሮ ይገባኝ ነበር። ላይትኒንግ ቦልት የሚባለው ካርድ በ1 ማና 3 ላይፍ ይቀንሳል። ሁለት ሰው በ20 ላይፍ ሲጫወት 7 ቦልት ሰውየውን ይጨርሰዋል። ኮማንደር ላይ ሦስት ተቃዋሚ፣ በድምሩ 120 ላይፍ፣ ለእያንዳንዱ 14፣ ባጠቃላይ 42 ቦልት። ዴኬ ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ።

ካርድ አንድ ለአንድ መለዋወጥም ትርጉሙ ይለወጣል። ሁለት ስንሆን የኔ አንድ ካርድ ያንተን አንድ ካርድ ቢያጠፋ እኩል ነን። አራት ስንሆን እኔና አንተ አንድ አንድ ከስረናል፣ ሁለቱ ምንም አልጎደለባቸውም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ? እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሣሩ ይለመልማል።

ስለዚህ ሁለት ሰው ሲጫወት ብዙም የማያስፈሩ ካርዶች እዚህ ጉልበት ያገኛሉ። ራይስቲክ ስተዲን እዩት፦ ተቃዋሚ ከመሬት ሌላ ካርድ በተጠቀመ ቁጥር 1 ማና ካልጨመረ አንተ ካርድ ትስባለህ። አንድ ተቃዋሚ ተጠንቅቆ ሊከፍል ይችላል፤ ሦስት ሲሆኑ አንዱ መቸኮሉ አይቀርም። ፕሮፓጋንዳ ደግሞ አንተን ማጥቃት የሚፈልግ ሰው በእያንዳንዱ ክሪቸር (ሜዳ ላይ ወርዶ የሚዋጋ ካርድ) 2 ማና እንዲከፍል ያደርጋል። ሁለት ስትሆኑ ሰውየው ሌላ የሚያጠቃው ስለሌለ ከፍሎ ይመጣል። አራት ስትሆኑ ማን ይከፍላል፣ ጎረቤትህ በነፃ እያለ!

ኃይለኛ ዴክ ማምጣትም ብቻውን አያዋጣም፣ ምክንያቱም ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ሜዳው ላይ ቀድሞ የገዘፈ ሰው ሦስት ሰው ነው የሚነሳበት።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን ኮምቦ ሊጨርስ ሲል የሚመጣውን ዝምታ ነው። ሰውየው የመጨረሻ ካርዱን ያወርዳል። መልስ የመስጠት ዕድሉ ከእሱ ቀጥሎ ካለው ሰው ጀምሮ በየተራ ይዞራል። የመጀመሪያው መመለሻ ካርድ እጁ ላይ እያለ «አሳልፌያለሁ» ሊል ይችላል፣ ከኋላው ያሉት ይመልሱታል ብሎ፣ የራሱን ለመቆጠብ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ከኋላው ማንም የለም፤ ካለው መጠቀም ግድ ነው፣ ከሌለው ሁሉም አለቀለት። የተቀመጥክበት ወንበር ሳይቀር የማችአፕህ አካል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ አራት ሰው ሲቀመጥ የሚጠየቀው «የኔ ዴክ የሱን ይበላል ወይ?» ብቻ ሆኖ አይቀርም። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ምን ይደራረጋሉ? ማን ማንን ይዞልኛል? ይሄን የተማርኩት በክፉ ቀን ነው። ከመካከላችን አንዱ ሰማያዊ ኮንትሮል ይጫወታል፤ ያወረድኩትን ሁሉ ሲመልስብኝ ስለዋለ ተናድጄ ያለኝን ክሪቸር ሁሉ አዞርኩበት። 11 የነበረው ላይፉ ዜሮ ገባ፣ እኔም ደስ አለኝ። ተራው ወደ ኮምቦው ልጅ ሲያልፍ ሁለት ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዙሪያውን አየን። እነዚያን ካርዶች ሊመልስ ይችል የነበረው ሰው ወጥ ቤት ገብቶ ቡና እየቀዳ ነበር።