ሰልፈኛ ሲገደል የሚሰጡ ሰበቦች እና እውነታው

የ1997ቱ ምርጫ ማግስት በአዲስ አበባ የወደቁት ልጆች ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ይጦዛል። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምንከራከረው መንግሥት በሰጠን ቃል መሆኑ ነው። ቃሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«የታጠቁ ነበሩ፤ ፖሊስ ራሱን ነው የተከላከለው»

ሰኔ 1997 እና ጥቅምት 1998 ሰው ሲገደል፣ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ሰልፈኞቹ ጠመንጃና ቦምብ እንደያዙ ዘገቡ። ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ግን ከአገር ከወጡ በኋላ የተናገሩት ሌላ ነው። ጠመንጃ ወይም ቦምብ የያዘ አንድም ሰልፈኛ አልነበረም፤ የተተኮሰውም ጭንቅላትና ደረት ላይ ታልሞ ነው አሉ። ሰው ለመበተን ብሎ ጭንቅላት የሚመታ የለም።

አዎ፣ 6 ፖሊሶችም ሞተዋል። እነሱም እናት አላቸው፤ ሞታቸው ሊድበሰበስ አይገባም። ግን የእነሱ ሞት ሌላ ሰፈር መንገድ ላይ የቆመን ልጅ ለመግደል ምክንያት አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው መርሆዎች መሠረት፣ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚፈቀደው የሰው ሕይወት ለማዳን ሌላ ምንም መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

«ድንጋይ ወረወሩ» የሚለውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ሻርፕቪል ውስጥ ፖሊስ 69 ሰው ሲገድል ሰበቡ ይኸው ነበር። ብዙዎቹ የተመቱት ግን ከጀርባቸው ነው። እየሸሹ ነበር ማለት ነው።

«ፈቃድ አልነበራቸውም»

አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው። ማሳወቅና ማስፈቀድ ለየቅል ናቸው። ደግሞስ ያላሳወቀ ሰው በጥይት ይመታ የሚል ሕግ የት አለ?

«ማንም አልገደላቸውም፤ ተረጋግጠው ነው»

መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ፣ በኢሬቻ በዓል፣ መንግሥት 55 ሰዎች ሞቱ አለ። ምክንያቱ መረጋገጥ ነው ተባለ። ሰዎች ገደል ገብተውና ተረጋግጠው መሞታቸው እውነት ነው። ግን ለበዓል የወጣ ሕዝብ ዝም ብሎ አይደነብርም። በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ሕዝብ መሃል አስለቃሽ ጭስ ተተኩሷል። «ተረጋገጡ» የሚለው ግሥ ውስጥ ያስደነበራቸው አካል የለም። ይህን ግሥ ስንሰማ «ማን አስደነበራቸው?» ብለን እንጠይቅ።

«አጣሪ ኮሚሽን መርምሮታል፤ አለቀ»

ብዙ ቅን ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የ1997ቱ ኮሚሽን በመጀመሪያ ድምፅ ሲሰጥ 8 ለ 2 በሆነ ድምፅ ከመጠን ያለፈ ኃይል ጥቅም ላይ ውሏል ብሎ ነበር። የሟቾቹን ቁጥርም 193 ሰላማዊ ሰው አደረሰው፤ መንግሥት አስቀድሞ ካመነው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ከዚያ ሰብሳቢው ተሰደዱ። ምክትላቸው ዳኛ ወልደሚካኤል መሸሻም ተሰደዱ። ሪፖርቱ በጥቅምት 1999 ፓርላማ ሲቀርብ 193ቱ ሟች እዚያው አሉ፤ ድምዳሜው ግን ተገልብጧል። እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር ተባለ። ስለዚህ «ተጣርቷል» ሲባል ማን አጣራው፣ መርማሪዎቹስ አሁን የት ናቸው ማለት ያስፈልጋል።

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። ሰሜን አየርላንድ ደሪ ከተማ ውስጥ በጥር 1972 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ወታደሮች በሰልፈኛ ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፤ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ምርመራ ወታደሮቹን ከሞላ ጎደል ነጻ አወጣ። ቤተሰቦች ግን አልተዉም፣ ዓመት በዓመት ሰልፍ ወጡ። ሁለተኛው ምርመራ በ2010 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከሟቾቹ አንዱም ለወታደሮቹ አስጊ እንዳልነበረ አረጋገጠ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ፓርላማ ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። 38 ዓመት ፈጅቷል። ከወላጆቹ ብዙዎቹ ያንን ቀን ሳያዩ ሞተዋል።