«ሲሊኮን ብታስገቢ ይስተካከላል»፦ ስለ ቱቦ ቅርጽ ጡት ቀዶ ሕክምና የሚነገሩ ስህተቶች

አንዳንድ ሴቶች ጡታቸው ሲያድግ ወደ ታችና ወደ ጎን አይሰፋም። መሠረቱ ደረት ላይ ጠባብ ሆኖ ይቀርና እንደ ቱቦ ወደ ፊት ይረዝማል። የታችኛው ክፍል ይጎድላል፣ ከጡቱ ሥር ያለው እጥፋት ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፣ በጫፉ ዙሪያ ያለው አሪዮላ የሚባለው ጠቆር ያለ ክብ ደግሞ ሰፍቶ ያብጣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ጡቶች እኩል አይደሉም። ሐኪሞች ቱበረስ ብሬስት ይሉታል። ስም እንዳለው እንኳ ሳታውቅ ዓመታት የምትደብቀው ሴት ብዙ ናት። ስለ ማስተካከያው ቀዶ ሕክምና የሚወራው ደግሞ አብዛኛው ትክክል አይደለም፣ አንዳንዱም ሰው ይጎዳል።

«ትንሽ ጡት ነው፤ ሲሊኮን ቢገባበት ያልቃል»

በጣም የሚጎዳው ይሄኛው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ። ችግሩ መጠን አይደለም፣ ቅርጽ ነው። እንዲያውም ትልቅ የሆነ፣ ወደ ታች የወረደም ቱበረስ ጡት አለ። ውስጡን ብናየው በአሪዮላው ዙሪያና በታችኛው ክፍል የማይለጠጥ፣ ጠንካራ ክር መሰል ሥጋ እንደ ቀለበት ይዞታል። በጉርምስና ጊዜ ጡቱ ሲያድግ ቀለበቱ ወደ ጎንም ወደ ታችም አያሳልፈውም። የሚይዘው ሽፋን የሳሳው በአሪዮላው በኩል ነው፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ገፍቶ ይወጣል። ወገቡ በክር የታሰረ ፊኛ ላይ አየር ብትጨምሪ ክሩ አይላላም፣ ፊኛው ከክሩ ወዲያና ወዲህ ይነፋል እንጂ።

ቀለበቱን ሳይፈቱ ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡት ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ሠራሽ ከረጢት፣ ከሥር ማስገባት የሚያመጣውም ይህንኑ ነው። ኢምፕላንቱ ከታች የራሱን ጉብታ ይሠራል፣ የራስሽ ጡት ከላይ ሌላ ጉብታ ሆኖ ይቀመጣል፣ የድሮው እጥፋት መሃል ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። ሐኪሞች «ደብል በብል» የሚሉት ይህንን ነው። ጡት ማስያዣ ስታደርጊ ላይታይ ይችላል። ስታወልቂው ግን ከጎን ሁለት ኩርባ ነው፣ እሱን ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም መጀመሪያ የሚያደርገው ማስመር ነው። ቆመሽ እያለሽ በእስክሪብቶ አሁን ያለውን እጥፋት ያሰምራል፣ ከሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ እጥፋቱ መሆን ያለበትን ቦታ ያሰምራል። ቆመሽ የሚሆነው ስትተኚ ጡት ስለሚበተንና ልኩ ስለሚጠፋ ነው። ከዚያ በሙሉ ማደንዘዣ ትተኛለሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በአሪዮላው ጠርዝ በኩል ነው። የጡቱን የታችኛውን ክፍል ከቆዳውና ከደረት ጡንቻው ያላቅቃል፣ ከጀርባው በኩል ከመሃል ወደ ዳር እንደ ፀሐይ ጨረር እየሰነጠቀ ቀለበቱን ይፈታዋል፤ ተጨብጦ የነበረው ሥጋ ይዘረጋል። እጥፋቱን ወደ አዲሱ መስመር ያወርደዋል። አሪዮላው ከሰፋ ዙሪያውን ትርፍ ቆዳ ያነሳና ብዙ ጊዜ በማይሟሟ ክር ክብ አድርጎ ይሰፋዋል፣ እንደገና እንዳይለጠጥ። ኢምፕላንት ካስፈለገ የሚገባው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀመጪ «ስንት ሲሲ ይሁንልሽ» የሚለውን የኢምፕላንት መጠን ጥያቄ ትተሽ ይህን ጠይቂ፦ ቀለበቱን እንዴት ነው የምትፈታው? እጥፋቱን ታወርደዋለህ ወይ? ከዚህ በፊት የሠራሃቸውን ቱበረስ ጡቶች ፎቶ ልታሳየኝ ትችላለህ? የተለመደ ጡት የማተለቅ ሥራ ፎቶ ብቻ ካሳየሽ ሌላ ሐኪም ጋም ሄደሽ አማክሪ።

«በሆዴ ስለምተኛ ነው፣ ጡት ማስያዣ ስላላደረግኩ ነው»

አይደለም። አብሮሽ የተወለደ ነው፣ በጉርምስና ጊዜ ጡት ማደግ ሲጀምር ይታያል እንጂ። አንቺ ያደረግሽውም ያላደረግሽውም ነገር አላመጣውም። በዚያው ልክ ቅባት፣ ማሳጅና ስፖርት አይፈቱትም። ፑሽ አፕ የሚያጠነክረው ከጡቱ በስተጀርባ ያለውን ጡንቻ ነው፣ ቀለበቱ ጋ አይደርስም። ቅርጹን የሚቀይረው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፣ እና ገንዘብሽን በየኦንላይኑ ለሚሸጥ ክሬም አታውጪ።

«እንዲህ ያለ ጡት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ»

ሪስና አስተን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 በሕክምና ጽሑፍ ገልጸውታል። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ወጥቶለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውና ብዙ ሐኪሞች የሚሠሩበት የግሮሎ ክፍፍል በ3 ይከፍለዋል። በ1ኛው የሚጎድለው የታችኛው ውስጠኛ ሩብ ብቻ ነው፣ በ2ኛው የታችኛው ግማሽ በሙሉ፣ በ3ኛው ዙሪያው ሁሉ ጠባብ ነው። አንዷ ሴት በግራ 1ኛው፣ በቀኝ 3ኛው ሊኖራት ይችላል። ይህን የማነሳው የሕክምናው ምርጫ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ጓደኛሽ የተሠራችው ላንቺ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

«ያለ ኢምፕላንት አይሆንም»

ይሆናል፣ ለሁሉም ባይሆንም። ጉድለቱ ቀላል ሆኖ በቂ የራስ ሥጋ ካለ ሐኪሙ ቀለበቱን ፈትቶ ከጡቱ ከራሱ ወደ ጎደለው የታችኛው ክፍል አዙሮ ሊሞላበት ይችላል። ሌላው መንገድ ስብ ነው። ከሆድ ወይም ከጭን በቀጭን ቱቦ ይሳባል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በመርፌ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ በተለያየ አቅጣጫ ይሰጣል። ጠንካራውን ቀለበትም በዚያው በመርፌ ጫፍ ከቆዳው ሥር ይበጥሱታል።

ስብ የራስ ነገር መሆኑ ደስ ይላል፣ ግን የሚነገረውን ያህል ቀላል አይደለም። ከተሰጠው ስብ ሁሉ አይተርፍም፣ ከፊሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰውነት ይመጠዋል። በዚህ የተነሳ ብዙ ጊዜ በወራት ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ መደገም አለበት። በጣም ቀጭን ለሆነች ሴት የሚወሰድ ስብ ራሱ ላይገኝ ይችላል። ስትወፍሪ ጡቱ አብሮ ይወፍራል፣ ስትከሺም ይከሳል። ያልያዘው ስብ አንዳንዴ ጠንከር ያለ እብጠት ወይም ቋጠሮ ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ወደፊት ማሞግራም (የጡት ራጅ) ወይም አልትራሳውንድ ስትነሺ ስብ እንደተሰጠሽ ተናገሪ፣ አለበለዚያ በከንቱ ትደነግጫለሽ።

«አንድ ቀን ገብቼ ሁሉም ያልቃል»

ለቀላሉ ዓይነት ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ቆዳው በጣም ለጠበበ ግን ሁለት ዙር ሊያስፈልግ ይችላል፦ መጀመሪያ ባዶ ከረጢት ከሥር ይቀመጣል፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ሳላይን የሚባል የጨው ውሃ በመርፌ እየተጨመረበት ቆዳው ቀስ ብሎ ይለጠጣል፣ ከወራት በኋላ በኢምፕላንት ይተካል። በአንድ ዙር የተሠራላትም ብትሆን በኋላ ማስተካከያ ሊያስፈልጋት እንደሚችል አስቀድማ ማወቅ አለባት። ከቀዶው በኋላ ከባድ ነገር ሳያነሱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት መቆየት የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ወር መስተዋት አይተሽ አትፍረጂ። እብጠቱ እስኪጠፋና ጡቱ ቦታውን እስኪይዝ ወራት ይፈጃል።

ሁለቱ ጡቶች ልክ አንድ ዓይነት ይሆናሉ ማለትም አይቻልም። ሲጀመር የተለያዩ ነበሩ፤ ዓላማው ማቀራረብ ነው።

«ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ ነው» እና «ኢምፕላንት ካንሰር ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ እንዲቆይ የተሠራ ነገር አይደለም። በዙሪያው ሰውነት የሚሠራው ሽፋን ሊጠነክርና ሊያም ይችላል፣ ሊቀደድም ይችላል። ሲሊኮን ሲቀደድ ምንም ላይሰማሽ ስለሚችል የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት በኋላ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ ይመክራል። በወጣትነቷ ያስገባች ሴት በሕይወቷ ከአንድ ጊዜ በላይ ልታስቀይር እንደምትችል አስባ ትወስን።

ካንሰርን በተመለከተ፣ ኢምፕላንት የተለመደውን የጡት ካንሰር ያመጣል የሚባለው በጥናት አልተደገፈም። ከኢምፕላንት ጋር የተያያዘ፣ ብዙም የማያጋጥም የሊምፎማ (በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ የሚነሳ ካንሰር) ዓይነት ግን አለ፤ በአብዛኛው የታየው ገጻቸው ሻካራ ከሆኑት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አለርጋን የተባለው አምራች ኩባንያ ባዮሴል የሚባሉ ሻካራ ኢምፕላንቶቹን ከገበያ የሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው። የሚገባልሽ ለስላሳ ነው ሻካራ ብለሽ ጠይቂ፣ የሚሰጥሽን የኢምፕላንት ካርድም አትጣይው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት በድንገት ካበጠ ሳትውይ ሳታድሪ ታዪ።

«እንዲህ ዓይነት ጡት አያጠባም»

ይህ ብዙ እናት ያስለቀሰ ነው። ቱበረስ ጡት ኖሯቸው ልጃቸውን በደንብ ያጠቡ ሴቶች አሉ። የወተት እጢያቸው ከመጀመሪያውም አነስተኛ የሆነና ቀዶ ተደረጉም አልተደረጉ ወተታቸው የማይበቃም አሉ። ከወሊድ በፊት በርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ቀዶው የራሱን ነገር ሊጨምር ይችላል፦ በአሪዮላው ዙሪያ ሲቆረጥና ጡቱ ሲሰነጠቅ የወተት ቱቦዎችና ነርቮች ሊነኩ፣ የጫፉ ስሜትም ሊቀንስ ይችላል። ወደፊት ማጥባት የምትፈልጊ ከሆነ ቀኑ ከመቆረጡ በፊት ለሐኪሙ ንገሪው፤ የሚመርጠውን ዘዴ ሊቀይር ይችላል።

የወለድሽም ከሆንሽና ወተት አልበቃ ካለ ስንፍና አይደለም፣ «በደንብ ስላላጠባሽ ነው» የሚልሽን አትስሚ። የሕፃኑን ክብደት እየተከታተልሽ ያለውን አጥቢ፣ የጎደለውን በሐኪም ምክር ሙዪ።

«ቶሎ ቢሠራ ይሻላል»፣ «ቅንጦት ነው»

ጡት እድገቱን ሳይጨርስ መሥራት ውጤቱን ያበላሻል። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች 18 ዓመት አካባቢ እስኪሆን ይጠብቃሉ፤ ልዩነቱ በጣም ጎልቶ ልጅቷ ከሰው መሸሽ ከጀመረች ቀደም ሊባል ይችላል።

ቅንጦት ነው ለሚሉት ደግሞ፦ ጓደኞቿ ፊት ልብስ መቀየር የማትችል፣ መብራት ካልጠፋ ባሏ ፊት የማታወልቅ ሴት ሕመሟ እውነተኛ ነው። በዚያው ልክ በሽታ ስላልሆነ የማይረብሻት ሴት ምንም ማድረግ የለባትም፣ እንዲሁ ብትተወው ጤናዋን አይጎዳም። ባልም እናትም ሊወስኑላት አይገባም። ከዚህ የሚለየው በትልቅነት አዲስ የመጣ ለውጥ ነው። እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካየሽ ወዲያው ታዪ።

«ጠባሳ አይኖረውም»

አለው። ጥሩ ሐኪም በአሪዮላው ጠርዝ ላይ፣ ሁለቱ የቆዳ ቀለሞች በሚገናኙበት ይደብቀዋል፣ አያጠፋውም። መጀመሪያ ቀላ ወይም ጠቆር ብሎ ይታያል፤ እስኪደበዝዝ ከ12 እስከ 18 ወር ሊፈጅ ይችላል። ቁስልሽ ኬሎይድ የሚሠራ ከሆነ፣ ጆሮሽን ስትበሺ ወይም ክትባት ስትወጊ ቦታው አብጦ የቀረ እንደሆነ፣ ሐኪሙን ለምክክር ባገኘሽበት በመጀመሪያው ቀን አሳዪው። ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ቢያንስ ከቀዶው 4 ሳምንት ቀደም ብለሽ አቁሚ፣ ቁስሉ እስኪድንም አትመለሺበት፤ ጡቱ ሲላቀቅና ሲሰነጠቅ ለጫፉ የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ ኒኮቲን ሲጨመርበት የጫፉ ቆዳ ሊሞት ይችላል። ታጨሺያለሽ ወይ ሲልሽ አታፍሪ፣ እውነቱን ንገሪው።