የሀንተርስተን ቢ የኑክሌር ማመንጫ አዘጋግ

ሀንተርስተን ቢ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በሰሜን ኤርሻየር የሚገኝ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ነው። ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው በ1976 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሲሠራ ለ25 ዓመት ያህል እንዲያገለግል ታስቦ ነበር፤ 46 ዓመት ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው ተዘጋ። ሦስት ቁጥር ማብሊያው (ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭበት ሪአክተር) በኖቬምበር 2021፣ አራት ቁጥሩ ጃንዋሪ 7 ቀን 2022 ቆሙ። አንድና ሁለት ቁጥር አጠገቡ ያለው፣ ቀደም ብሎ የተዘጋው የሀንተርስተን ኤ ናቸው።

ዕድሜውን የወሰነው ግራፋይት የተባለው የካርቦን ዓይነት ነው። የነዳጁን አተሞች የሚከፍሉትን ቅንጣቶች፣ የኒውትሮኖችን፣ ፍጥነት የሚቀንሰው የግራፋይት ክምር በእያንዳንዱ ማብሊያ 3,000 ገደማ ጡቦች አሉት። ነዳጁና ማብሊያውን የሚያጠፉት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች የሚወርዱት ከላይ እስከ ታች በተበሱ ቀዳዳዎች ነው። ተርባይን ይጠገናል፣ ፓምፕ ይለወጣል፤ በወፍራም ኮንክሪት ውስጥ የታሸገውን ግራፋይት ግን መቀየር አይቻልም።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ማቀዝቀዣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጨረር ኃይል እየተበታተነ ግራፋይቱን ይበላዋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። ይህን ለማዘግየት ሚቴን ይጨመራል፤ ሲበዛ ደግሞ ነዳጁ ላይ ጥላሸት ጥሎ ሙቀት በደንብ እንዳይወጣ ያደርጋል። ሁለተኛው ስንጥቅ ነው። ጡቡ በኒውትሮን ሲደበደብ መጀመሪያ ይኮማተራል። ከብዙ ዓመት በኋላ የውስጠኛው ገጽ መልሶ ማበጥ ሲጀምር ውጪው ገና እየተኮማተረ ነው፤ ስለዚህ ውጪው ይወጠርና ጡቦቹ ከተቆላለፉበት ጎድጎዳ ጥግ ይሰነጠቃል።

አንድ ስንጥቅ ብቻውን አደጋ አይደለም፤ ማብሊያው ይፈነዳል ማለትም አይደለም። የሚያሰጋው ስንጥቁ በዝቶ ቀዳዳዎቹ መስመራቸውን ከሳቱ፣ በተለይ በምድር መንቀጥቀጥ ጊዜ፣ ዘንጎቹ ሳይገቡ መቅረታቸው ነው። ለዚህም በየመገጣጠሚያው የሚታጠፉ ዘንጎችና ኒውትሮን የሚውጥ የናይትሮጅን መርጫ ተዘጋጅተዋል። በ2018 በተደረገ ምርመራ በሦስት ቁጥር 370 ያህል ስንጥቆች እንዳሉ ተገመተ፤ የተፈቀደው ጣሪያ 350 ነበር። ለምርመራው ቆሞ የነበረው ማብሊያ እንደገና የተነሳው በኦገስት 2020 ነው።

ማብሊያ ሲጠፋ ሙቀቱ አብሮ አይጠፋም። ከአንድ ቀን በኋላም ነዳጁ ከሙሉ ኃይሉ ግማሽ በመቶ ገደማ ያመነጫል፤ ማቀዝቀዙ ስለዚህ ይቀጥላል። ነዳጁን ማውጣት ከ2022 እስከ 2025 ወሰደ። እያንዳንዱ ማብሊያ 308 የነዳጅ ቀዳዳ አለው፤ በእያንዳንዱም ስምንት የነዳጅ እሽጎች ተደራርበው ይቆማሉ። ትልቁ የመጫኛ ማሽን ድርድሩን ይስባል፣ ድርድሩ ይፈታታል፣ እሽጎቹ በውኃ ገንዳ ይቀዘቅዛሉ። ከዚያም 50 ቶን ገደማ በሚመዝን የብረት ማጓጓዣ ተዘግተው በባቡር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ወዳለው የኑክሌር ግቢ፣ ወደ ሴላፊልድ፣ ይሄዳሉ። ሴላፊልድ እንዲህ ያለውን ነዳጅ እስከ 2018 መልሶ ያጣራ ነበር፤ አሁን በገንዳ ያስቀምጠዋል።

በግቢው ካለው ራዲዮአክቲቪቲ ከ99 በመቶ በላይ የሚሄደው ከነዳጁ ጋር ነው። በ2021 ስምምነት መሠረት ነዳጁ ከወጣ በኋላ ጣቢያው ሲያሠራው ከነበረው ኩባንያ፣ ከኢዲኤፍ፣ ወደ መንግሥታዊው የኑክሌር ማፍረሻ ባለሥልጣን እንዲተላለፍ ተወስኗል። የማብሊያዎቹ እምብርት ወዲያው አይፈርስም፤ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ ይቆያል። ምክንያቱ ብረቱ ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ ኮባልት-60 ነው፦ በየ5.3 ዓመቱ ስለሚገመስ 53 ዓመት ሲሞላው አንድ ሺህኛ ብቻ ይቀራል። የግራፋይቱ ካርቦን-14 ግን ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት በመሆኑ መጠበቅ አይጠቅመውም። እንግሊዝ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ በጥልቅ ጉድጓድ ለመቅበር ስታቅድ፣ ስኮትላንድ ከምድር ገጽ አጠገብና በተቻለ መጠን ከጣቢያው ሳይርቅ እንዲቀመጥ ትፈልጋለች።