«ሻክቲ የሌለችው ሺቫ ሬሳ ነው»

ይሄ አባባል በሂንዱዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሺቫ ከታላላቆቹ አማልክት አንዱ ነው። ሻክቲ ደግሞ ኃይል ናት፤ ያውም ሴት ኃይል፣ ብዙ ጊዜ በሚስቱ በፓርቫቲ የምትገለጽ። እና ነገሩ ሲፈታ፣ ሴቷ ከሌለች ያ ሁሉ የሚፈራ አምላክ ጣቱን እንኳ አያነሳም ነው። ድፍረቱን ወድጄዋለሁ።

ቅኔም አለበት። በሳንስክሪት «ሸቫ» ማለት ሬሳ ነው። በዴቫናጋሪ ፊደል ደግሞ «ሸ»ን «ሺ» የምታደርገው አንዲት ትንሽ ምልክት ናት፤ እሷ ከተነሳች ሺቫ ሸቫ ሆኖ ያርፈዋል። ፊደላችን ተመሳሳይ ጠባይ ስላለው እኛ ቶሎ ይገባናል። ያቺ ምልክት ሻክቲ ናት ይላሉ።

ሀሳቡ በጽሑፍ ጎልቶ የሚገኘው «ሳውንዳርያ ላሃሪ» በተባለው የሳንስክሪት ምስጋና መክፈቻ ላይ ነው። ግጥሙን በልማድ ለፈላስፋው ለአዲ ሻንካራ ይሰጡታል። ሺቫ ከሻክቲ ጋር ሲሆን ይፈጥራል፣ አለዚያ መንቀሳቀስም አይሆንለት ይላል።

ቀራጮቹ ግን ቀድመዋል። በሰሜን ሕንዷ ከተማ በማቱራ፣ ኩሻን የተባሉት ነገሥታት ከገዙበት ከመጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርድሃናሪሽቫራን፣ ማለትም ግማሽ ጎኑ ሴት የሆነውን ጌታ፣ በድንጋይ ይቀርጹት ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሙምባይ አጠገብ ኤሌፋንታ ደሴት ላይ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. ከአለት የተፈለፈለው ነው። ቀኙ ወንድ ነው፤ ደረቱ ጠፍጣፋ፣ ክንዱን ናንዲ በተባለው በሬው ላይ ጣል አድርጓል። ግራው ሴት ነው፤ ጡት አለው፣ ዳሌው ሰፋ ይላል፣ አንዱ እጅ መስታወት ይዟል። ይሄ ሁሉ አንድ ገላ ላይ ሆኖ የተሰፋ አይመስልም።

ሺቫን ብቻ ነጥሎ ላምልክ ያለ አንድ ባሕታዊም ነበር፣ ብሪንጊ የሚባል። ባልና ሚስቱ አንድ አካል ሲሆኑበት ጥንዚዛ ሆኖ መሃላቸውን በስቶ ሊያልፍ ሞከረ ይላል ተረቱ። ፓርቫቲ ተናደደች። አጥንት ከአባት፣ ሥጋና ደም ከእናት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ከእናት ያገኘኸውን መልስ ብላ ረገመችው። አጥንቱ ብቻ ቀረ፤ መቆም ሲያቅተው ሦስተኛ እግር ተጨመረለት። የእጁን ነው ያገኘው! ካርናታካ ውስጥ ባዳሚ የሚሄድ ሰው አንደኛው ዋሻ ውስጥ፣ እዚያው አርድሃናሪሽቫራ አጠገብ፣ አጽሙ ገጥጦ ያገኘዋል።