የልጆች ፍልሚያ በሮክ ሙዚቃ፦ የ«ፓወር ሬንጀርስ» ድምፅ አሠራር

የልጆች ፊልም ሙዚቃ ሲባል ጆሯችን የሚጠብቀው ለስላሳ ኪቦርድ፣ ደወልና የሕፃናት ኅብረ ዝማሬ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1993 «ማይቲ ሞርፊን ፓወር ሬንጀርስ» ፎክስ ኪድስ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ሲጀምር ግን ከቴሌቪዥኑ የወጣው ሮክ ነበር፤ ያውም ሄቪ ሜታል ለመባል ትንሽ የቀረው። (ከዚህ በኋላ የሚነሱት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጎርናና ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ፋታ የማይሰጥ ድራም፣ ለጉሮሮው የማይሳሳ የወንድ ድምፅ። ፊልሙን ዛሬ አዋቂ ሆኖ የሚያይ ሰው የጎማ ልብስ በለበሱት ጭራቆች ይስቃል። ሙዚቃው ግን አያስቅም፤ የሠራው ሰው ነገሩን የምር ይዞት ነበር።

ሙዚቃው ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይበጃል። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አምስት ጎረምሶች ባለ ቀለም ልብስና ራስ ቁር ለብሰው ጭራቅ ይገጥማሉ፤ ጭራቁ ፎቅ ሲያክል እነሱም ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ይገባሉ። ልጆቹ ፊታቸው የሚታይበት ክፍል ካሊፎርኒያ ውስጥ በአሜሪካውያን ተዋንያን የተቀረፀ ነው። ራስ ቁር አጥልቀው የሚፋለሙበትና ሮቦቶቹ የሚታዩበት ክፍል ግን በአብዛኛው የመጣው ከጃፓን፣ ቶኤ የተባለው ኩባንያ በ1992 ለአገሩ ልጆች መሥራት ከጀመረው «ዙሬንጀር» ከተባለ ተከታታይ ፊልም ነው። ራስ ቁሩ ፊትን ስለሚሸፍን ውስጡ ማን እንዳለ አይታወቅም። ለምሳሌ በጃፓኑ ቢጫ ለባሹ ወንድ ነው፣ በአሜሪካው ሴት ናት፤ የሮዟ ልብስ ቀሚስ ቢጤ ሲኖረው የቢጫዋ የሌለው ለዚህ ነው።

የሁለቱ አገር ክፍሎች እንዲህ ተገጣጥመው ሲሰፉ የጃፓንኛው ንግግርም ሙዚቃውም ይወጣል። የሚቀረው በሁለት አገር፣ በሁለት ዓይነት ብርሃን፣ በተለያዩ ዳይሬክተሮች የተቀረፀ ምስል ነው። ስፌቱን የሚደብቀው ሙዚቃው ነው።

አንድ የተለመደ ፍልሚያ እንይ። ልጆቹ መናፈሻ ውስጥ እያወሩ ሳለ ፑቲ የሚባሉት ግራጫ ወታደሮች ይከቧቸዋል። ሙዚቃው ይነሳል፤ ምቱ ፈጣን ነው፣ ጊታሩ ግን ገና ታፍኗል። ጊታሪስቱ የቀኝ እጁን መዳፍ ጅማቶቹ ላይ ጣል አድርጎ ሲመታ የሚወጣው «ጁግ ጁግ ጁግ» የሚል ድምፅ ነው፤ እንደሚፈላ ድስት ክዳን። ከዚያ ልጆቹ ተራ በተራ የቅድመ ታሪክ አውሬ ስም እየጠሩ ይለወጣሉ፤ ማስቶዶን፣ ቴሮዳክቲል፣ ትራይሴራቶፕስ፣ ባለ ሰይፍ ጥርስ ነብር፣ ታይራኖሳውረስ። ስሙ ተጠርቶ ሲያልቅ ጊታሩ ይለቀቃል፣ ሙሉው ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ይፈነዳል፤ የመናፈሻው ሣርም ድንገት የጃፓን የድንጋይ ካባ ሆኖ ቁጭ ይላል። የትኛውም ልጅ «ሣሩ የት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጊታሩ ሳይቋረጥ አሻግሮታል።

ፍልሚያ ላይ ሙዚቃ መልቀቅ የቆየ ነገር ነው። እዚህ ያልተለመደው ግጥም ያለው፣ ሰው የሚዘፍነው ሙሉ ዘፈን ከዱላው ሥር መሄዱ ነው። «ፋይት»፣ «ኮምባት»፣ «ዊ ኒድ ኤ ሂሮ»፣ «ጎ ግሪን ሬንጀር ጎ» የተባሉት ዘፈኖች የተሠሩት ለዚህ ነው። ሌላ ፊልም ላይ ዘፈን ከንግግር ጋር ይጋጫል፤ አንዱ ሌላውን እንዳይውጥ ሲባል ዘፈኑ ይወጣል። እዚህ ግን ተፋላሚዎቹ ራስ ቁር ለብሰዋል፣ አፋቸው አይታይም፣ የሚሉትም «ሂያ!» እና አንድ ሁለት ቃል ነው። ባዶውን ቦታ ድምፃዊው ሞላው፤ ልጁ ማን እያሸነፈ እንደሆነ ከዘፈኑ ይሰማል።

የአብዛኞቹ ዘፈኖች አቀናባሪና ድምፃዊ ሮን ዋሰርማን ነው። መለያ ሙዚቃውን፣ «ጎ ጎ ፓወር ሬንጀርስ» የሚለውን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደጨረሰው በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ቀሽም ነው ማለት ነው» ይላል፤ እኔ በተቃራኒው ነው የምረዳው። ሥራው ተከታታይ ፊልም ነው፤ ክፍሉ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል፤ ተጨንቆ አንድ ወር የሚያስብ ሰው እዚያ ወንበር ላይ አይቆይም። ፍጥነቱ ዘፈኑ ውስጥም ይሰማል፤ ዙሪያ ጥምጥም የለውም፣ ሪፉ (እየተደጋገመ የሚመታው አጭር የጊታር ሐረግ) ይገባል፣ አዝማቹ ይመጣል፣ ያልቃል።

ባንድ የሚመስለው ነገርም ባንድ አይደለም። ድራሙ በማሽን ይሰናዳል፣ ጊታሩ ተደራርቦ ይቀረፃል፣ ድምፁም ራሱ ዋሰርማን በራሱ ላይ እየደረበ የዘፈነው ነው። በ1994 ዘፈኖቹ በአልበም ሲወጡ ሽፋኑ ላይ የሰፈረው ስም አሮን ዋተርስና «ዘ ማይቲ ራው» ነው። «ራው» ማለት የሮን አሮን ዋሰርማን የስም መነሻ ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲገጣጠሙ ነው። የባንድ ስም ያለው አንድ ሰው!

ለምን ሮክ? አንዱ መልስ ከኮርዱ ነው። የሮክ ጊታር ብዙ ጊዜ የሚመታው ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ መነሻውና አምስተኛው። ሜጀርን ከማይነር የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ ይተዋል፤ በዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያጎረንነው መሣሪያ፣ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚጨቀይ። ውጤቱ ደስታም ኀዘንም ያልሆነ፣ ጉልበት ብቻ የሆነ ድምፅ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ገና ላልታወቀ ፍልሚያ ከዚህ የሚመች የለም። ሌላው መልስ ዕቃው ራሱ ነው፤ የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ስፒከር ትንሽ ነበር፣ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ አያወጣም። በዲስቶርሽን ያለፈ ኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ጉልበቱ መሀል ላይ ስለሆነ በትንሿ ስፒከርም ይወጣል። ኦርኬስትራ በዚያች ሳጥን ውስጥ ሲገባ ይኮሰምናል።

አሜሪካኖቹ ይህን ከባዶ አልፈጠሩትም። በጃፓን ባለ ቀለም ቡድን የሚፋለምበት ፊልም የጀመረው በ1975፣ በሾታሮ ኢሺኖሞሪ «ጎሬንጀር» ነው፤ የሙዚቃው ባለቤት ደግሞ ቹሜ ዋታናቤ ነበር። ዋታናቤ በ1925 ናጎያ ተወልዶ በቶክዮ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቦና የተማረ፣ በ1972 የ«ማዚንገር ዜድ»ን ሙዚቃ የሠራ፣ በ2022 በ96 ዓመቱ ያረፈ አንጋፋ ነው። የልጆችን ጀግና በመለከት፣ በኤሌክትሪክ ቤዝና በጊታር ያጀበ፣ ትርጉም የሌላቸውን «ባን ባራ ባን ባን ባን» ዓይነት ድምፆች ዘፈን ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። ልጅ ግጥሙን ባይዝ እንኳ «ባን ባራ ባን»ን ይይዛል።

ዋታናቤ ማይነር ፔንታቶኒክ የተባለውን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት አብዝቶ ይጠቀም ነበር፤ እዚህ ላይ የእኛ ሙዚቀኛ ጆሮውን ይቀስራል። ከሲ ቢነሱ ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት ነው፤ በእኛ አጠራር ባቲ ማይነር። የሮክ ጊታሪስት ሶሎ ሲጫወት ጣቱ የሚሄድበት መንገድም ይኸው ነው። በጃፓን ዘፈን የተለመደው ሌላው ቅኝት ደግሞ ከትዝታ ማይነር ጋር ድምፅ በድምፅ ይገጥማል። የጃፓን ዘፈን የሰማ ኢትዮጵያዊ «ይሄማ የእኛ ነው» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የባቲ ማይነር ድምፆች በዲስቶርሽንና በፈጣን ምት ሲያልፉ ባቲነታቸው ወዲያው አይታወቅም እንጂ ድምፆቹ እነዚያው አምስቱ ናቸው።

ጃፓንን ከካሊፎርኒያ ያገናኘው ሃይም ሳባን ነው። ግብፅ፣ እስክንድርያ ተወልዶ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር እስራኤል ገባ፤ በወጣትነቱ የአንድ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋችና ሥራ አስኪያጅ ነበር። የባንዱ ስም «የይሁዳ አንበሶች» ይባላል፤ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነ ስም ነው። በኋላ ፓሪስ ሄዶ ከሙዚቃ ደራሲው ከሹኪ ሌቪ ጋር የካርቱን ዘፈን ማሳተም ጀመረ። በ1978 በፈረንሳይ «ጎልዶራክ» የተባለው የጃፓን ሮቦት ፊልም አገር ሲያስደንቅ ኖአም የተባለ ታዳጊ የዘፈነው የእነሱ ሸክላ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ገቡ፤ «ኢንስፔክተር ጋጀት»ን ጨምሮ የብዙ ካርቱን ሙዚቃ ከእነሱ ቤት ወጣ። የጋጀት ዘፈን ውስጥ ያለችው «ጎ» የምትል ጥሪ አሥር ዓመት ቆይታ እጥፍ ሆና «ፓወር ሬንጀርስ» ላይ ብቅ ማለቷን ልብ ይሏል።

ሳባን እንዲህ ዓይነቱን የጃፓን ፊልም መጀመሪያ ያየው በ1984 ጃፓን ሆቴል ውስጥ ነው። «ባዮማን» በተባለው ላይ ተመሥርቶ የሙከራ ክፍል አሠርቶ በየጣቢያው ቢያዞርም የሚገዛው አላገኘም፤ ስምንት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ የፎክስ ኪድስ ኃላፊ ማርጋሬት ሎሽ ተቀበለችው። ሰውየው ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት የሙዚቃ ነጋዴ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ የዚህ ሙዚቃ ታሪክ ግማሹ የገንዘብ ታሪክ ነው።

በአሜሪካ አንድ ፕሮግራም በተላለፈ ቁጥር ውስጡ ያለው ሙዚቃ ገንዘብ ያስገኛል። የትኛው ዜማ ለስንት ሰከንድ እንደተሰማ፣ ደራሲው ማን፣ አሳታሚው ማን እንደሆነ በቅጽ ተሞልቶ እንደ አስካፕና ቢ.ኤም.አይ. ላሉት ሰብሳቢ ድርጅቶች ይገባል፤ ከጣቢያዎች የተሰበሰበውም ግማሹ ለደራሲ፣ ግማሹ ለአሳታሚ ይከፈላል። በየቀኑ የሚታይ የልጆች ፊልም፣ ያውም እየተደገመ፣ የማይነጥፍ ምንጭ ነው። ሳባን ይህን ቀድሞ ስለገባው ለካርቱን ሠሪዎች ሙዚቃውን በርካሽ ወይም በነፃ እየሰጠ መብቱን ለራሱ ያስቀር ነበር። ተቀጥሮ ለሚሠራ አቀናባሪ ደግሞ የአገሩ ሕግ ሥራውን የአሠሪው ያደርገዋል።

ስለዚህም የፊልሙን መጨረሻ ጽሑፍ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው አንድ እንግዳ ስም ያገኛል፤ ሙዚቃ በሹኪ ሌቪና በኩሳ ማህሺ ይላል። ኩሳ ማህሺ የሚባል ሙዚቀኛ የለም። በዓረብኛ በሩዝና በሥጋ የተሞላ ዝኩኒ ማለት ነው፤ የሳባን የብዕር ስም ነበር። የእስክንድርያ ልጅ ቀልድ ይሆናል። በ1998 ደግሞ የሠራነው ሙዚቃ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል ያሉ አቀናባሪዎች ቅሬታ ሆሊውድ ውስጥ በይፋ ወጥቶ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አልቋል።

በ1995 ፊልሙ ለሲኒማ ሲሠራ መለያ ሙዚቃው ሚስተር ቢግ በተባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊ በኤሪክ ማርቲን ተዘፈነ። ጥራቱ የተሻለ ነው፤ እንደ እኔ ግን የመጀመሪያውን ቁጣ አጥቷል። ኒውዚላንድ በ1994 «ልጆቻችንን ዱላ ያስተምራል» ብላ ፕሮግራሙን ከቴሌቪዥኗ ያነሳች አገር ናት፤ ከ2003ቱ ተከታታይ ጀምሮ ግን ቀረፃው እዚያው ሆነ፣ ሙዚቃውንም የአገሩ ተወላጅ ብሩስ ሊንች ለዓመታት ሠራ። ባለቤትነቱም አላረፈም፤ በ2001 ወደ ዲዝኒ፣ በ2010 ተመልሶ ወደ ሳባን፣ በ2018 ወደ አሻንጉሊት ሠሪው ሃዝብሮ ዞሯል።

ሳባን መልሶ በገዛ ማግስት፣ በ2011 «ሳሙራይ» የተባለው ተከታታይ ሲወጣ፣ የዋሰርማን ዜማ እንደ አዲስ ተቀረፀ። ያቀናበረው ኖአም ካኒኤል ነው፤ በ1978 ፓሪስ ላይ «ጎልዶራክ»ን የዘፈነው ያ ታዳጊ። ግጥሙን ለውጦታል፤ «ጎ ጎ»ን አልነካትም።