«24 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ምን ያቃጥላል?»

በእንጦጦ ግርጌ ባለው ሰፈራችን ጥርና የካቲት ላይ የሰደድ እሳት አደጋ አለ ሲባል ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። 24 ዲግሪ ለአፋር ሰው ብርድ ነው፤ እውነት። የሰደድ እሳት ትንበያ ግን ሙቀትን ብቻ አያይም፤ የአየሩን እርጥበት፣ ነፋሱንና የቅጠሉን ድርቀት አብሮ ያያል። ብዙ ሰው የሚደናገረው እርጥበቱ ላይ ነው።

በመቶኛ የሚነገረው እርጥበት አየሩ ውስጥ ያለው የውኃ ተን ልክ አይደለም። አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ስንት እጁን እንደያዘ ነው የሚነግረን። አየር ሲሞቅ አቅሙ ይሰፋል። ጠዋት 10 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 80 በመቶ ነበር እንበል። ከቀኑ 8 ሰዓት 24 ዲግሪ ሲገባ፣ ተኑ ምንም ሳይቀንስ ቁጥሩ ወደ 33 በመቶ ይወርዳል። ጠዋት በጤዛ ርሶ ሲታጠፍ የነበረው የባሕር ዛፍ ቅጠል ያኔ ሲጨብጡት ይንኮሻኮሻል። በማለዳ አልነድ ያለው የቅጠል ክምር ከሰዓት በአንድ ክብሪት የሚያያዘውም ለዚህ ነው። (ግንዱ ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል።)

ደረቅ አየርና ነፋስ እሳትን ያፈጥናሉ፣ እሳትም ዳገት ሲወጣ ይብሳል፤ ይህ የትም ያው ነው። «አደገኛ» የሚያሰኘው ቁጥር ግን እንደ አገሩና እንደ ዕፅዋቱ ይለያያል፤ ከሌላ አገር የተቀዳ ገደብ ለእኛ ዳገት ላይሠራ ይችላል።

ደግሞም ትንበያው እሳት ይነሳል አይልም፤ ከተነሳ ለማጥፋት ያስቸግራል ነው የሚለው። ስለዚህ ነፋስ ባለበት ከሰዓት ግቢ ጠርጋችሁ ቅጠሉን አታቃጥሉ።